ስለ ሞተር ሳይክል አደጋ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሞተር ሳይክል አደገኛ መሆኑን የሚክድ ሰው ብዙም አይገኝም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የሚያወጣው መረጃ እንደሚያሳየው፣ በተጓዙት ርቀት ልክ ሲሰላ ሞተረኛ በትራፊክ አደጋ የመሞት ዕድሉ በአውቶሞቢል ከሚጓዝ ሰው ከ20 እጥፍ በላይ ነው። አለመግባባቱ የሚጀምረው «አደጋው ያለው የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው። ብዙ ሰው አደጋውን ከራሱ አርቆ ያስቀምጠዋል፤ ወይ በረጅም አውራ ጎዳና፣ ወይ በእብደት በሚነዳ ወጣት ላይ። አደጋ የደረሰባቸውን ቦታዎች እየዞሩ የመረመሩ ባለሙያዎች ደጋግመው ያገኙት ግን ከመነሻው ብዙም ያልራቀ መስቀለኛ መንገድ፣ መካከለኛ ፍጥነትና ሁለት ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ ነው።

ከእነዚህ ምርመራዎች ሁለቱ ከዚህ በታች በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃሪ ኸርት የመራውና በ1981 ይፋ የሆነው ጥናት ሲሆን፣ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል አደጋዎችን ቦታው ድረስ በመሄድ መርምሯል። ሁለተኛው በአምስት የአውሮፓ አገሮች በ1999 እና በ2000 የደረሱ 921 አደጋዎችን የተመለከተው «ማይድስ» የተባለው ጥናት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመካከላቸው ሃያ ዓመትና አንድ ውቅያኖስ ቢኖርም፣ ዋና ዋና ግኝቶቻቸው ይቀራረባሉ።

«አደጋ የሚደርሰው በሚያበር ሰው ላይ ነው»

በኸርት ጥናት ከተመረመሩት ሞተረኞች ግማሽ ያህሉ አደጋው ሊፈጠር ሲል ይጓዙ የነበረው በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነበር፤ በግጭቱ ቅጽበት ደግሞ የመካከለኛው ፍጥነት ልክ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ወርዷል። በማይድስም ቢሆን ከአሥር ግጭቶች ሰባቱ የደረሱት በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በታች ነው። መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ የተለመደ የከተማ ፍጥነት ነው፤ ቀበቶ ይይዘዋል፣ ኤርባግ ይቀበለዋል፣ የመኪናው አፍንጫም እየተጨማደደ የግጭቱን ጉልበት ይወስድለታል። ሞተረኛው ከእነዚህ አንዱም የለውም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር የሚላተም ሰው ሰውነቱ የሚሸከመው ጉልበት ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚሸከመው ጋር እኩል ነው።

ይህ ማለት ግን ፍጥነት ልዩነት አያመጣም ማለት አይደለም። የግጭት ጉልበት ከፍጥነቱ ይበልጥ ስለሚያድግ፣ ከ50 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ከፍ ማለት ብቻውን ጉልበቱን በ44 በመቶ ይጨምረዋል። ስህተቱ ያለው «እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ብሎ ጃኬቱንና ጓንቱን እቤት ትቶ መውጣቱ ላይ ነው።

«ሾፌሩ ወደ እኔ ከዞረ አይቶኛል»

ከሁሉም አመለካከቶች ብዙ ሕይወት የሚያስከፍለው ይህኛው ይመስለኛል፤ ስለዚህም ረዘም አድርጎ ማየቱ ተገቢ ነው። በኸርት ጥናት ከአራት አደጋዎች ሦስቱ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተፈጠሩ ግጭቶች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም በሁለት ሦስተኛው ላይ ቅድሚያ የነፈገው የሌላው ተሽከርካሪ ሾፌር ነው። በማይድስ ደግሞ የግማሾቹ አደጋዎች ዋና መንስኤ የሌላው ሾፌር ስህተት ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ስህተቶች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሞተሩን ካለማስተዋል የመጡ ናቸው። ከግጭቱ በኋላ «ተመልክቼ ነበር፣ ግን አላየሁትም» የሚሉ ሾፌሮች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም እየዋሹ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንገድ መገናኛ ላይ የቆመ ሾፌር ወደ ግራ አንድ ጊዜ፣ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ይቃኛል። ዓይን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው በፍጥነት ሲዘል አእምሮ በመካከል ያለውን ምስል አይመዘግብም፤ ዓይኑ ባረፈባቸው ነጥቦች መካከል የነበረ ቀጭን ነገር ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ላይ የፊት መስታወቱን ከጎን የሚደግፈው ቋሚ ብረት አለ፤ ከሩቅ የሚመጣ ሞተር ሙሉ በሙሉ ከኋላው ሊሰወር ይችላል፤ መኪናውና ሞተሩ ወደ አንድ ነጥብ እየተጓዙ ከሆነ ደግሞ እንደተሰወረ ሊቆይ ይችላል። ሾፌሩ ሞተሩን ቢያየው እንኳ ሦስተኛው ችግር ይጠብቀዋል። ሰው የሚመጣን ነገር ርቀት የሚገምተው በከፊል በግዝፈቱ ስለሆነ፣ ትንሽ ነገር ሩቅና ዘገምተኛ ይመስለዋል። በቀጥታ ወደ እርሱ የሚመጣ ሞተር ለረጅም ጊዜ ምንም ያህል የማይንቀሳቀስ ነጥብ ሆኖ ይቆይና በመጨረሻዋ ቅጽበት በድንገት ይገዝፋል።

ስለዚህ ዓይን ለዓይን መተያየት ዋስትና አይሆንም። ልምድ ያላቸው ሞተረኞች የሚመለከቱት የሾፌሩን ፊት ሳይሆን የመኪናውን የፊት ጎማ ነው፤ መኪናው ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ከአካሉ ቀድሞ ጎማው ሲዞር ይታያል። ወደ መገናኛ ሲቃረቡ ነዳጅ መቀነስ፣ ጣቶችን በፍሬኑ መያዣ ላይ ማሳረፍ፣ በመስመሩ ውስጥ ወደ ጎን ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ያንን የማይንቀሳቀስ ነጥብ ማንቀሳቀስ፣ ቀንም ቢሆን የፊት መብራት ማብራት፣ ሁሉም ከዚሁ ድክመት የተነሡ ልማዶች ናቸው። የመኪና ፍሬቻ አለመብራቱም መኪናው አይታጠፍም ማለት አይደለም። በማይድስ ከታዩት ትኩረት ሳቢ ነገሮች አንዱ፣ ራሳቸው የሞተር መንጃ ፈቃድ ያላቸው የመኪና ሾፌሮች ሞተርን ሳያስተውሉ የሚቀሩት ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ መሆኑ ነው።

«ድምፁ ከፍ ያለ ማርሚታ ሕይወት ያድናል»

የማርሚታው አፍ ወደ ኋላ ነው፤ ከላይ እንደተገለጸው ሞተረኛውን የሚገድለው ነገር በብዛት የሚመጣው ከፊት ነው። መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃ የከፈተ ሾፌር ድምፁን በሚሰማበት ጊዜ ሞተሩ ብዙውን ጊዜ አጠገቡ ደርሷል። ጎረቤት ከመቀስቀስ ያለፈ ጥቅም አለው ብሎ ለማመን ይቸግራል።

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል፤ በኋላኛው ብቻ መያዝ ይሻላል»

ይህ ምክር ከአሮጌ ሞተረኛ ወደ አዲስ ሞተረኛ ሲወርድ የኖረ ነው፤ በኸርት ጥናት ከተመረመሩት አሽከርካሪዎች 92 በመቶው የተማሩት በራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ መሆኑ ሲታሰብ ምክሩ ለምን እንደሰነበተ ይገባል። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩና የነጂው ክብደት ወደ ፊት ይጫናል፤ የፊት ጎማው መሬቱን አጥብቆ ሲይዝ የኋላው ይቀላል። ስለዚህ በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆም ኃይሉ 70 በመቶ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጠው የፊት ፍሬን ነው። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው ጎማውን አስሮ እየተንሸራተተ ወደሚፈራው ነገር ይሄዳል። የኸርት ቡድን ያገኘውም ይህንኑ ነው፤ አሽከርካሪዎቹ የኋላውን ከመጠን በላይ፣ የፊቱን ከመጠን በታች ይይዙ ነበር፤ መሪን አዙሮ ማምለጥ የቻለ ደግሞ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ፍርሃቱ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። የፊት ፍሬን በድንጋጤ በአንድ ጊዜ ሲጨበጥ፣ ክብደቱ ገና ወደ ፊት ሳይጫን ጎማው ስለሚታሰር ሞተሩ በቅጽበት ይወድቃል። መያዣው መጀመሪያ ለስለስ ተደርጎ ይሳባል፤ የሞተሩ አፍንጫ ሲወርድ ከተሰማ በኋላ ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል። ይህ በመጽሐፍ የሚለመድ ነገር አይደለም፤ ሰውና መኪና በሌለበት ሜዳ ከዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሮ ደጋግሞ መሞከርን ይጠይቃል። ኤቢኤስ ያለው ሞተር የጎማ መታሰርን ራሱ ይከላከላል። በአሜሪካ በመድን ድርጅቶች የሚደገፈው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንስቲትዩት ባደረገው ንጽጽር፣ ኤቢኤስ ያላቸው ሞተሮች ለሞት የሚዳርግ አደጋ ውስጥ የገቡበት መጠን ከሌላቸው በ22 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ የሞተር ሞዴሎች ላይ አስገዳጅ አድርጎታል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ወሬ አለ፤ ግጭት የማይቀር ሲመስል ሞተሩን ሆን ብሎ በጎኑ ማስተኛት ይሻላል የሚል። ብረትና ፕላስቲክ አስፋልት ላይ ሲንሸራተት የሚያገኘው ሰበቃ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሞተር በሁለቱ ጎማዎቹ ከሚያገኘው ያነሰ ነው። አስተኝቶ የሚንሸራተት ሰው ፍሬኑንም መሪውንም ትቶ፣ ምናልባትም ከመኪናው ሥር ሊገባ፣ ከፍ ባለ ፍጥነት ይደርሳል። «አስተኝቼው ተረፍኩ» ብለው የሚተርኩ ሰዎች ብዙዎቹ የኋላ ጎማ አስረው የወደቁ ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ።

«ሄልሜት እይታን ይጋርዳል፣ አንገትን ይሰብራል»

በግንቦት 1935 እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ቲ. ኢ. ሎውረንስ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ለማዳን ሲል ከሞተሩ ወድቆ ራሱን ተመታ፤ ከስድስት ቀን በኋላም ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንስ የሞተረኞችን የጭንቅላት ጉዳት ማጥናት ቀጠለና፣ በ1941 የሄልሜትን ጥቅም የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተመ። የብሪታንያ ጦርም በዚያው ዓመት መልእክት አመላላሽ ሞተረኞቹን ሄልሜት እንዲያደርጉ አስገደደ። ከዚያ ወዲህ የተከማቸው ማስረጃ ሰፊ ነው። በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ የመዘነው የኮክሬን ግምገማ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስቀምጧል።

የእይታው ክስ ጭንቅላትን ትንሽ ዘወር በማድረግ የሚፈታ ነው፤ የኸርት ጥናትም ሄልሜት ከአደጋ በፊት ማየትንና መስማትን ያዳከመበት ሁኔታ አላገኘም። አንገትን በተመለከተ በአሜሪካ ከ40 ሺህ በላይ አደጋዎችን ያነጻጸረና በ2011 የወጣ ጥናት፣ ሄልሜት ያደረጉት በአንገት አከርካሪ ላይ የደረሰባቸው ጉዳት ካላደረጉት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ሄልሜት ጭንቅላት ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም። የአገጭ ማሰሪያው ያልተቆለፈ ሄልሜት በመጀመሪያው ምት ወልቆ ይሄዳል፤ ሁለተኛውን፣ ማለትም ከአስፋልቱ ጋር የሚደረገውን ግጭት የሚቀበለው ባዶ ራስ ነው። ትክክለኛ ልክ ያለው ሄልሜት ማሰሪያው ተቆልፎ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፋ አይወጣም፤ በእጅ ሲዞር ደግሞ የጉንጭ ቆዳን አብሮ ይስባል። አገጭን የማይሸፍን ዓይነት ከምንም ይሻላል፤ ግን መንጋጋና ፊት ከሚመቱት ክፍሎች ዋነኞቹ ናቸው። ጭንቅላትን የሚያድነው ከውጭ የሚታየው ጠንካራ ልባስ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ፎም ነው፤ ይህም አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ወደ ቦታው አይመለስም። በዚህ ምክንያት አደጋ የደረሰበት ሄልሜት ላዩ ምንም ቢያበራ መጣል አለበት፤ ታሪኩ የማይታወቅ ያገለገለ ሄልሜት መግዛትም የማይመከረው ለዚሁ ነው።

«ቅርብ ቦታ ነው» እና «ስንት ዓመት ነድቻለሁ»

ሁለቱም ሰበቦች በአንድ መልስ ይመለሳሉ። በኸርት ጥናት አብዛኞቹ አደጋዎች የደረሱት ለአጭር ጉዳይ በተወጣበት ጉዞ፣ ከመነሻው ብዙም ሳይራቅ ነው። የመንዳት ልምዳቸው በአማካይ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ቢሆንም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደጋ በደረሰባቸው በዚያች ሞተር ላይ ከአምስት ወር ያነሰ ጊዜ ነበር ያሳለፉት። አዲስ ሞተር የፍሬኑ ስሜት፣ ክብደቱና የክላቹ መያዣ ስለሚለያይ፣ የቆየ አሽከርካሪም ቢሆን ለጥቂት ወራት ጀማሪ ነው። ሞተሩ ትንሽ መሆኑም የሚያጽናና አይደለም፤ የሚገጨው መኪና ክብደት በሲሲ አይቀንስም።

«በመኪኖች መካከል መሹለክ ሁልጊዜ ራስን ማጥፋት ነው»

እዚህ ላይ ስህተቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ያወጣው ጥናት፣ በተጨናነቀ መንገድ ላይ በመኪኖች መካከል ሲያልፉ የተጋጩ ሞተረኞች የጭንቅላትና የደረት ጉዳታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል፤ ሁኔታው ግን ጥብቅ ነው። የመኪኖቹ ፍጥነት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ ሞተሩም ከመኪኖቹ በ24 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ መፍጠን ይኖርበታል። በቆሙ መኪኖች መካከል በ50 የሚያልፍ ሰው ከዚህ ጥናት የሚያገኘው ድጋፍ የለም፤ የሚከፈት በርም ሆነ ስፖኪዮውን ሳያይ መስመር የሚቀይር ሾፌር ጊዜ አይሰጠውም። ድርጊቱ በብዙ አገሮች ሕግ የተከለከለ መሆኑም ሌላ ጉዳይ ነው።

«አንድ ሁለት መጠጥ ምንም አያደርግም»

በኸርት ጥናት ለሞት ካበቁት አደጋዎች ግማሽ በሚጠጉት አልኮል ነበረበት። በሁለት ጎማ ላይ ሚዛን መጠበቅ መኪና ከመንዳት ይበልጥ የሚፈተን በመሆኑ፣ ለመኪና ሾፌር በሕግ የተፈቀደው መጠን ለሞተረኛ ደኅና ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

«ከኋላ የተቀመጠ ሰው መያዝ ብቻ ነው ያለበት»

ተሳፋሪ ሲጨመር የሞተሩ የኋላ ክፍል ይከብዳል፣ መሪው ይቀላል፣ በተጫነው ክብደት ምክንያትም ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ሊረዝም ይችላል። ተሳፋሪው በኩርባ ላይ ከነጂው ጋር አብሮ ማዘንበል አለበት፤ በፍርሃት ወደ ተቃራኒው ቢያዘነብል ሞተሩ ከታሰበው መስመር ይወጣል። እግሩ ከማሳረፊያው ላይ መነሣት የለበትም፤ ከሚሽከረከረው ጎማና ከሚፋጀው ማርሚታ የሚለየው እርሱ ነው። እግሩ ማሳረፊያው ላይ የማይደርስ ልጅ፣ ወገብ ቢይዝም እንኳ፣ በኋላ ወንበር ላይ ለመቀመጥ አልደረሰም፤ በነዳጅ ታንከሩ ላይ ከፊት ማስቀመጡ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፣ በግጭት ጊዜ ልጁ በመሪውና በነጂው ክብደት መካከል ይገኛልና።