የቡድን አጋር መለኪያ ምንድን ነው?

«እሱ ምን አደረገ? መኪናው ነው እንጂ!» የፎርሙላ 1 የመኪና ውድድር ሻምፒዮን ስም በተነሳ ቁጥር ይህች ንግግር አትጠፋም። ሉዊስ ሃሚልተን ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን ተብሏል። ማክስ ቨርስታፐንም ሲያሸንፍ ተብሏል። «ዕድሉ ቀናው» የሚልም አለ። ነገሩ የፈረሱና የፈረሰኛው ክርክር ነው። ፈጣን ፈረስ ላይ የወጣ ሁሉ ጎበዝ ፈረሰኛ ይመስላል። ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸው?

እኔ የማምነው አንድ መንገድ አለ። የቡድን አጋር መለኪያ ልበለው። በፎርሙላ 1 እያንዳንዱ ቡድን የሚያሰልፈው ሁለት መኪና ነው። ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ ይወጣሉ። ሞተራቸው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ከሚወዳደሩት ሁሉ መካከል፣ «የሱ መኪና ከኔ ይሻላል» ብሎ ማመካኘት የማይቻልበት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የቡድን አጋር። አሽከርካሪዎቹም ይህን ያውቁታል። መጀመሪያ ማሸነፍ ያለብህ የቡድን አጋርህን ነው ይባባላሉ።

2023ን እንውሰድ። በዚያ ዓመት 22 ውድድሮች ነበሩ። ቨርስታፐን 19ኙን አሸነፈ። ያንኑ የሬድ ቡል መኪና የሚነዳው ሰርጂዮ ፔሬዝ ያሸነፈው 2 ብቻ ነው። በነጥብ 575 ለ285 ጨረሱ። መኪናው የዓመቱ ምርጥ መኪና ነበር፤ እሱ አያከራክርም። ግን መኪናው ብቻ ቢሆን ኖሮ ፔሬዝስ የት ሄደ?

ነጥብ ግን ሁሉን አይናገርም። አንዱ ሞተሩ ሊቃጠልበት ይችላል፣ ሌላውን ደግሞ ከኋላ ያለ ሰው ሊገጨው ይችላል። ስለዚህ እኔ ከነጥቡ በፊት የማየው የማጣሪያውን ሰዓት ነው። የውድድሩ መነሻ ቦታ በሚወሰንበት በማጣሪያው እያንዳንዱ አሽከርካሪ በተቻለው ፍጥነት አንድ ዙር ለመንዳት ይሞክራል። ያለው እሱ፣ መኪናውና መንገዱ ነው። በአንድ ቀን ብቻ ካየነው ምንም ላይነግረን ይችላል። ዓመቱን ሙሉ አንዱ ሌላውን በሰከንድ ሽርፍራፊ ከቀደመው ግን ያ ዕድል አይደለም።

የሃሚልተን ነገር ለኔ ያለቀው ገና በ2007 ነው። የ22 ዓመት ልጅ ነበር፣ በፎርሙላ 1 የመጀመሪያ ዓመቱ። በማክላረን ቡድን አጋሩ የነበረው ደግሞ ፈርናንዶ አሎንሶ ነው፤ የ2005 እና የ2006 ሻምፒዮን። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለቱም እኩል 109 ነጥብ ነበራቸው። ዋንጫውን በ110 ነጥብ የወሰደው የፌራሪው ኪሚ ራይኮነን ነው። አዲስ ገቢ ልጅ ከሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ጋር በአንድ መኪና እኩል ሲወጣ፣ «መኪናው ነው» የሚለው ክርክር ምን ይይዛል?

መለኪያው እንከን የለውም አልልም። ከ2010 እስከ 2012 ሃሚልተን ከጄንሰን በተን ጋር በአንድ ቡድን ነበር። ከሦስቱ ዓመታት በሁለቱ የበለጠው ሃሚልተን ነው። የሦስቱ ዓመት ነጥብ ሲደመር ግን በተን 672፣ ሃሚልተን 657 ሆነ። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው አንድ ነገር ይላል፣ ዓመት በዓመት ያየ ሌላ። ደግሞ መኪናው ለሁለቱ እኩል ላይመች ይችላል። ቡድን መኪናውን ሲያሻሽል በፈጣኑ አሽከርካሪ መንገድ መሄዱ ያለ ነው። ቨርስታፐን አፍንጫዋ ስል የሆነች፣ መሪ ሲነካ ወዲያው የምትታጠፍ መኪና ይወዳል። እንዲህ ያለችው መኪና ለሌላው አስቸጋሪ ናት። ስለዚህ በ2023 ከታየው ልዩነት የተወሰነውን ለዚህ መተው ግድ ነው።

ዕድልስ? አለ፤ መኖሩን መካድ አይቻልም። ሚካኤል ሹማከር ወደ ፎርሙላ 1 የገባው በ1991 በቤልጂየም ነው። ቦታው የተገኘው የጆርዳን ቡድን አሽከርካሪ ቤርትራንድ ጋሾ እንግሊዝ አገር በመታሰሩ ነው። ጋሾ ከአንድ የለንደን ታክሲ ነጂ ጋር ተጣልቶ አስለቃሽ ጋዝ ረጭቶበት ነበር። ከዚህ የበለጠ ዕድል የት ይገኛል? ሹማከር ግን በማጣሪያው 7ኛ ወጣ። ብዙ ዓመት የተወዳደረው የቡድን አጋሩ አንድሪያ ዴ ቼዛሪስ 11ኛ ነበር። በውድድሩ ቀን ሹማከር ገና በመጀመሪያው ዙር ፍሪሲዮኑ ተበላሸበትና ወጣ። ቢሆንም በሚቀጥለው ውድድር ቤኔቶን የተባለው ቡድን ወስዶታል። የማጣሪያውን ሰዓት ያዩ ሰዎች የሚያዩትን አይተው ነበር። እሱም በኋላ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

ሰው በጣም የሚጣላበት ግን የ2021 አቡዳቢ ነው። ቨርስታፐንና ሃሚልተን የመጨረሻው ውድድር ላይ የደረሱት እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው ነው። ሃሚልተን እየመራ ሳለ ጥቂት ዙር ሲቀር ኒኮላስ ላቲፊ ግድግዳ ገጨ። አደጋ ሲደርስ ሁሉም ቀስ ብለው የሚከተሉት ሴፍቲ ካር ወጣ። ቨርስታፐን አዲስ ጎማ አስገባ፣ ሃሚልተን ባረጀው ቀጠለ። ከዚያ የውድድሩ ዳይሬክተር በዙር ተቀድመው በሁለቱ መካከል የነበሩትን አምስት መኪኖች ብቻ ወደፊት አሳልፎ ለአንድ ዙር አፋለማቸው። የውድድሩ የበላይ አካል ፊያ ራሱ በኋላ የሰው ስህተት ነበር ብሏል። የሃሚልተን ደጋፊዎች ቁጭት ይገባኛል። ቨርስታፐንም በዚያው ዓመት ባኩ ላይ እየመራ ጎማው እንደፈነዳበት መርሳት የለብንም።

ይህን ሁሉ ስንጨቃጨቅ የቡድን አጋሮቻቸውን ማየት እንረሳለን። በዓመቱ መጨረሻ ቨርስታፐን 395.5፣ ሃሚልተን 387.5 ነጥብ ነበራቸው። በሃሚልተን መርሴዲስ ቡድን ያለው ቫልተሪ ቦታስ 226፣ ፔሬዝ ደግሞ 190። ሁለቱን እዚያ ያደረሳቸው ችሎታ ነው፤ ዕድል የመረጠው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው።

ችሎታና ዕድል በአንድ ቀን ተደባልቀው ያየሁት በ2024 ብራዚል ላይ ነው። በከባድ ዝናብ ምክንያት ማጣሪያውና ውድድሩ በአንድ እሁድ ዋሉ። ጠዋት ቨርስታፐን ጥሩ ሰዓት ሳያስመዘግብ መንዳቱን የሚያስቆመው ቀይ ባንዲራ ወጣና 12ኛ ላይ ቀረ። ሞተር በመቀየሩም አምስት ደረጃ ተቀጥቶ ከ17ኛ ተነሳ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ቀይ ባንዲራ መጣ። ይኼኛው ጠቀመው። ከፊት የነበሩት አሽከርካሪዎች ኖሪስና ራስል ጥቂት ቀድመው ጎማ ለመቀየር ገብተው ነበር፤ እሱ ግን ውድድሩ ቆሞ ሳለ ቦታ ሳያጣ ቀየረ። ከዚያ በእርጥቡ አስፋልት ይመራ የነበረውን ኦኮንን አለፈና ወደ 20 ሰከንድ በሚጠጋ ልዩነት አሸነፈ። ፔሬዝ በዚያው ዝናብ፣ በዚያው ቡድን መኪና 11ኛ ሆኖ ጨረሰ።