ዓድዋ ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2?

ውጭ አገር ያለ ዘመድ በየዓመቱ የካቲት ላይ ይደውላል። “መጽሐፉ የዓድዋ ጦርነት ማርች 1 ቀን ነበር ይላል። እናንተ ለምን በ2 ታከብራላችሁ?” ብሎ ይጠይቃል።

የተሳሳተ የለም። ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። ያን ዕለት ፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ግን የእነሱ ካላንደር አንድ ቀን ሸርተት ብሏል።

እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 እናደርጋለን፤ ምንም ሳንዘል። እነሱም በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ያደርጋሉ፣ ግን በ00 የሚያልቅ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ይዘሉታል። 1900 ተዘለለ። ስለዚህ ያው የካቲት 23 ከዚያ በኋላ ማርች 2 ላይ ይውላል። 2000 ለ400 ስለሚካፈል አልተዘለለም። 2100 ሲመጣ ደግሞ የልጅ ልጆቻችን በማርች 3 ያከብራሉ።

የአርበኞች ቀን ላይ ይህ ጣጣ የለም። ጃንሆይ (አፄ ኃይለ ሥላሴ) አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ከፈረንጆቹ 1900 በኋላ ስለሆነ ያኔም ሜይ 5 ነበር፣ ዛሬም ሜይ 5 ነው። (ጣሊያን ከተማዋን የያዘውም ልክ ከአምስት ዓመት በፊት በዚያው ቀን ነበር። ቀኑ እንዲሁ የተገጣጠመ አይመስለኝም።)