የብሪታንያ ፐቦች መመናመንና የኑሮ ውድነት

ፐብ በብሪታንያ ቢራና ሌሎች የአልኮል መጠጦችን እዚያው ለሚጠጣ ደንበኛ ለመሸጥ ፈቃድ የወሰደ፣ ማንም ሰው አባልነትም ቀጠሮም ሳይጠየቅ ገብቶ የሚቀመጥበት ቤት ነው። ስያሜው «የሕዝብ ቤት» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ያጠረ ሲሆን ቤቱም እንደ ስሙ ሆኖ ኖሯል፤ በብዙ መንደሮች ከቀብር መልስ የሚሰባሰቡትም፣ የእግር ኳስ ቡድን የሚያቋቁሙትም፣ በሠፈር ጉዳይ የሚከራከሩትም እዚሁ ነው። ደንበኛው ተቀምጦ አስተናጋጅ አይጠብቅም፤ ወደ ባንኮኒው ሄዶ ያዛል፣ ወዲያው ይከፍላል፣ ከጓደኞቹ ጋር ከሆነም እያንዳንዱ በተራው ለሁሉም ይገዛል። የቢራው መለኪያ 568 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ፒንት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብሪታንያ ቢራና ፐብ ማኅበር እንደሚለው በ1980 በአገሪቱ ወደ 69,000 የሚጠጉ ፐቦች ነበሩ፤ በ2000 ቁጥሩ ወደ 61,000 ገደማ ወርዷል፤ ከ2020 ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ ወደ 45,000 ተጠግቷል። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በበኩሉ በ2008 ወደ 50,000 የነበሩት ፐቦች በ2018 ወደ 39,000 ዝቅ ማለታቸውን ዘግቧል። ሁለቱ አቆጣጠራቸው ስለሚለያይ ቁጥሮቹን እርስ በርስ ማመሳከር አይቻልም፤ ቁልቁል መሄዳቸው ላይ ግን ልዩነት የላቸውም። የመሥሪያ ቤቱ ጥናት ያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ በእነዚያው አሥር ዓመታት በፐብ ተቀጥረው የሚሠሩት ሰዎች ቁጥር አልቀነሰም። የተዘጉት በአብዛኛው ትንንሾቹ የሠፈር ቤቶች ሲሆኑ፣ ምግብ የሚያቀርቡትና በትላልቅ ኩባንያዎች የተያዙት ሰፋፊ ቤቶች ግን ተጠናክረዋል። ስለዚህ የጠፋው መጠጥ መሸጫ ብቻ ሳይሆን ለመንገደኛ የማይታወቅ፣ ለሠፈሩ ሰው ግን እንደ ሳሎን የነበረ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

በመካከለኛው ዘመን ቢራ የጠመቀች ሴት ለመንገደኛው ምልክት እንዲሆን በደጇ ላይ ቅጠል የታሰረበት እንጨት ታቆም ነበር፤ በእኛ አገር የጠላ ቤት ምልክት የሆነውን በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ለሚያውቅ አንባቢ ልማዱ እንግዳ አይሆንበትም። ፈቃድ የማውጣት ግዴታ በ1552 በሕግ ተደነገገ። በ1830 የወጣው የቢራ ቤቶች ሕግ ግብር ከፋይ የሆነ ሁሉ በአነስተኛ ክፍያ ቢራ እንዲሸጥ ስለፈቀደ በጥቂት ዓመታት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ቤቶች ተከፈቱ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች እንዳይሰክሩ ተብሎ የተጣለው የከሰዓት በኋላ መዝጊያ በእንግሊዝና በዌልስ እስከ 1988 ጸንቷል።

የዛሬውን ችግር ለመረዳት ቤቱ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ማንሳት ያስፈልጋል። ከጥንት ጀምሮ ቢራ ጠማቂዎች ፐቦችን እየገዙ ለግለሰብ ያከራዩ ነበር፤ ተከራዩ ባለ ፐብ ከኪራዩ በተጨማሪ ቢራውን ከአከራዩ ብቻ፣ አከራዩ በቆረጠው ዋጋ እንዲገዛ ይገደዳል። ይህ አሠራር «የታሰረ ቤት» ይባላል። ኪራዩ ዝቅ ብሎ ቢራው ውድ ስለሚሆን ገንዘብ የሌለው ሰውም ፐብ ለመያዝ ዕድል ያገኛል የሚሉ ደጋፊዎች አሉት፤ ሆኖም ተከራዩ ከገበያ ዋጋ በላይ እየገዛ ከጎረቤቱ ነጻ ፐብ ጋር በእኩል ሊወዳደር እንደማይችል ግልጽ ነው። የውድድር ጉዳዮችን የሚመረምረው ኮሚሽን ስድስት ታላላቅ ጠማቂዎች ገበያውን ጨብጠውታል ብሎ በመደምደሙ፣ መንግሥት በ1989 የቢራ ትእዛዝ እየተባለ የሚጠራውን ደንብ አወጣ። ከ2,000 በላይ ፐብ ያለው ጠማቂ ከዚያ ከሚበልጡት ግማሹን ከእስር እንዲፈታ ታዘዘ።

የታሰበው ተከራዩን ነጻ ለማውጣት ነበር፤ የሆነው ግን ሌላ ነው። ጠማቂዎቹ ፐቦቹን በጅምላ ሸጡ፤ የገዟቸውም ራሳቸው ቢራ የማይጠምቁ፣ ስለዚህም ደንቡ የማይነካቸው አዳዲስ የንብረት ኩባንያዎች ሆኑ። እንደ ፓንች ታቨርንስና ኢንተርፕራይዝ ኢንስ ያሉት በብድር ላይ ብድር እየጨመሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ሰበሰቡ፤ የ2008 የፋይናንስ ቀውስ በመጣ ጊዜ ዕዳቸውን ለማቃለል ፐቦቹን መሸጥ ጀመሩ። የገዢው ፍላጎት ብዙ ጊዜ ቦታው እንጂ ፐቡ አልነበረም። ደንቡ በ2003 ተሻረ። በእንግሊዝና በዌልስ 500 እና ከዚያ በላይ የታሰሩ ቤቶች ያሏቸውን ኩባንያዎች የሚቆጣጠር የፐብ ሥነ ምግባር ደንብ በሥራ ላይ የዋለው በ2016 ነው፤ በደንቡ መሠረት ተከራዩ በተወሰኑ ሁኔታዎች የገበያ ኪራይ ብቻ እየከፈለ ቢራውን ከፈለገው ቦታ እንዲገዛ መጠየቅ ይችላል። ስኮትላንድ የራሷን ሕግ በ2021 አጽድቃለች።

በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶች ውስጥ ማጨስ በስኮትላንድ በመጋቢት 2006፣ በእንግሊዝ ደግሞ በሐምሌ 2007 ተከለከለ። ክልከላው ፐቦችን ጎድቷል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይሁንና ጊዜው ከፋይናንስ ቀውሱ፣ ከ2008 እስከ 2013 የቢራ ቀረጥ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት በላይ ከጨመረበት ዘመንና ከሱፐርማርኬቶች ርካሽ ቢራ ጋር ስለተደራረበ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ ያስቸግራል።

መጋቢት 20 ቀን 2020 የኮሮና ወረርሽኝን መስፋፋት ለመግታት ሁሉም ፐቦች በአንድ ምሽት እንዲዘጉ ታዘዙ። በባህላዊው መንገድ የሚዘጋጀው የበርሜል ቢራ በበርሜሉ ውስጥ እርሾው ገና እየሠራ የሚቀርብ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ከሦስት ቀን ብዙም አያልፍም። በመሆኑም ባለ ፐቦቹ በየምድር ቤታቸው የነበረውን ቢራ ወደ ፍሳሽ ማውረጃ ደፉት። የእንግሊዝ ፐቦች በሐምሌ 4 ቢከፈቱም፣ በመኸርና በክረምት እንደገና ተዘግተው የቤት ውስጥ መስተንግዶ የተፈቀደላቸው በግንቦት 2021 ነበር። ብዙዎች ከዚህ ዘመን የወጡት ቁጠባቸውን ጨርሰው፣ በመንግሥት ዋስትና የተወሰደ ብድር ተሸክመው ነው።

በዚህ ላይ ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን ስትወር የጋዝና የኤሌክትሪክ ዋጋ ተተኮሰ። መኖሪያ ቤቶች በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የዋጋ ጣሪያ ይጠበቁ ነበር፤ ፐብ ግን ንግድ ቤት በመሆኑ ይህ ከለላ አልነበረውም። ፐብ ደግሞ መብራት አጥፍቶ ወጪ ሊቆጥብ የሚችል ቤት አይደለም። ቢራው የሚቀመጥበት ምድር ቤት ደንበኛ ኖረም አልኖረም ሌት ተቀን ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መጠበቅ አለበት፤ የብርጭቆ ማጠቢያው፣ የወጥ ቤቱ መጥበሻና ማቀዝቀዣው አብረው ይሠራሉ፤ አሮጌው ወፍራም ግንብም ሙቀት ይፈልጋል። በነሐሴ 2022 የስድስት ታላላቅ የቢራና የፐብ ኩባንያዎች ኃላፊዎች አንዳንድ ተከራዮች የሦስት መቶ በመቶ ጭማሪ እንደተጠየቁ ገልጸው ለመንግሥት ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። መንግሥትም ከጥቅምት 2022 እስከ መጋቢት 2023 የንግድ ቤቶችን የኃይል ወጪ በከፊል ደጎመ፤ ከዚያ በኋላ ድጋፉ በእጅጉ ቀነሰ።

በጥቅምት 2022 የዋጋ ንረቱ 11.1 በመቶ ደርሶ በ41 ዓመታት ውስጥ ከታየው ሁሉ ከፍተኛው ሆነ። ይህ ለባለ ፐቡ በሁለት በኩል የሚቆርጥ ነበር፤ የገብሱ፣ የዘይቱና የደመወዙ ወጪ በአንድ ወገን ሲያድግ፣ በሌላው ወገን ደንበኛው ራሱ በቤቱ የጋዝ ሒሳብና በቤት ብድር ወለድ ተይዞ ከሦስት ፒንት ወደ አንድ ወረደ። ሰኞና ማክሰኞን ጨርሶ የሚዘጉ፣ ወጥ ቤታቸውን በሳምንት አራት ቀን ብቻ የሚከፍቱ ፐቦች በዙ።

በ5 ፓውንድ የሚሸጥ ፒንት ምን እንደሚደርስበት ማየት ጉዳዩን ያብራራዋል። ከአምስቱ ፓውንድ 83 ፔንስ ገደማ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። የአልኮል መጠኑ 4 በመቶ ከሆነ በ2025 መጀመሪያ በጸናው ተመን ወደ 43 ፔንስ የሚጠጋው የቢራ ቀረጥ ነው። ከቀረው ላይ የቢራው መግዣ፣ ኪራዩ፣ ደመወዙ፣ የኃይል ወጪውና የንግድ ቤት ግብሩ ይነሣሉ፤ ለባለ ፐቡ የሚተርፈው ጥቂት ፔንስ ብቻ መሆኑን የቢራና ፐብ ማኅበሩ ደጋግሞ ይናገራል። ሱፐርማርኬት አብዛኛውን ምግብ ያለ ታክስ ሲሸጥ ፐቡ ባቀረበው ሳህን ላይ 20 በመቶ ይከፍላል፤ ይህ ልዩነት ፍትሐዊ ነው ብሎ መከራከር ከባድ ነው።

ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በድራፍት መጠጥ ላይ ዝቅ ያለ ቀረጥ መተመኑ፣ በየካቲት 2025ም ከአንድ ፒንት ላይ አንድ ፔንስ ያህል መቀነሱ መልካም እርምጃ ነበር። ነገር ግን በሚያዝያ 2025 አሠሪዎች የሚከፍሉት የብሔራዊ መድን መዋጮ ከ13.8 ወደ 15 በመቶ ከፍ አለ፤ መዋጮው የሚጀምርበት ዓመታዊ ደመወዝ ከ9,100 ወደ 5,000 ፓውንድ ወረደ፤ ለአዋቂ ሠራተኛ የተወሰነው የሰዓት ደመወዝ ወለል ከ11.44 ወደ 12.21 ፓውንድ አደገ፤ የንግድ ቤት ግብር ቅናሹም በእንግሊዝ ከ75 ወደ 40 በመቶ ዝቅ አለ። መንግሥት ለትንንሽ አሠሪዎች የሚሰጠው የመዋጮ ቅናሽ መጨመሩን ያስታውሳል። ማኅበሩ ግን በዚያው ዓመት በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ 378 ፐቦች ሊዘጉ እንደሚችሉ ተንብዮ ነበር፤ ይህም በአማካይ በየቀኑ ከአንድ በላይ ማለት ነው። ደመወዙ መጨመሩ ለቀጂዋና ለወጥ ቤት ሠራተኛው የሚገባ ነው፤ እነርሱም በዚያው የኑሮ ውድነት ውስጥ ይኖራሉ።

ፐቡ አትራፊ ሆኖ እንኳ መሬቱ ለመኖሪያ ቤት የሚያወጣው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በለንደን ሜዳ ቬል የሚገኘው ካርልተን ታቨርን በሚያዝያ 2015 ያለ ፈቃድ ፈረሰ፤ የእንግሊዝ የቅርስ ተቋም የቤቱን አሠራር ቀደም ብሎ በዝርዝር መዝግቦ ስለነበር የዌስትሚንስተር ምክር ቤት ጡብ በጡብ እንደነበረ እንዲሠራ አዝዞ፣ በሚያዝያ 2021 በሩን ዳግም ከፍቷል። በስታፎርድሺር የነበረው ክሩክድ ሃውስ፣ ማለትም «ጠማማው ቤት»፣ በሥሩ በተቆፈረ የድንጋይ ከሰል ምክንያት አንድ ጎኑ ሰጥሞ ያዘመመ ነበር፤ እንግዳ ብይ ሲያስቀምጥ ሽቅብ የሚንከባለል ይመስለው ነበር። በነሐሴ 2023፣ በተሸጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ተቃጥሎ ከሁለት ቀን በኋላ ፈረሰ፤ የአካባቢው ምክር ቤት በየካቲት 2024 እንደገና እንዲሠራ አዟል። በእንግሊዝ ከ2017 ጀምሮ ፐብን ያለ ዕቅድ ፈቃድ ማፍረስም ሆነ ወደ ሌላ አገልግሎት ማዞር አይቻልም።

መንደርተኛው ራሱ ገንዘብ አዋጥቶ ፐቡን የገዛባቸው ቦታዎችም አሉ። በካምብሪያ ሄስኬት ኒውማርኬት የሚገኘው ኦልድ ክራውን በ2003 ከመቶ በላይ አባላት ባሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር ተገዝቶ ለሌሎች ፋና ሆኗል። በደቡብ ለንደን የሚገኘው አይቪ ሃውስ በ2011 የወጣውን ሕግ ተጠቅሞ የማኅበረሰብ ሀብት ተብሎ በመመዝገብ የመጀመሪያው ነው፤ ነዋሪዎቹም ገዝተውታል። የተመዘገበ ፐብ ለሽያጭ ሲቀርብ በእንግሊዝ ማኅበረሰቡ ፍላጎቱን ካሳወቀ ገንዘብ ለማሰባሰብ ስድስት ወር ይሰጠዋል፤ ጊዜው ሲያበቃ ግን ባለቤቱ ለፈለገው ሰው፣ በፈለገው ዋጋ መሸጥ ይችላል።