የቤተ ሙከራ ውሾች አያያዝና የምርምር ውጤት ተአማኒነት

ውሻ በሕክምና ምርምር ውስጥ ረጅም ታሪክ ያለው እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ ለኢንሱሊን ግኝት የበቁት ሙከራዎች በውሾች ላይ የተካሄዱ ናቸው። ዛሬም የብዙ አዳዲስ መድኃኒቶች ጉዳት በሰው ከመሞከሩ በፊት በውሻ ይፈተሻል። በብዛት የሚመረጠው ቢግል የተባለው ዝርያ ነው፤ ሰውነቱ አነስተኛ፣ ጠባዩ ገራም፣ ከመሰሎቹ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ነው። ይሁን እንጂ ገራምነቱ ያሳስታል፤ ሲይዙት ዝም ያለ ውሻ ሁሉ የተረጋጋ አይደለም።

ውሻ ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያመነጫል። የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ይጨምራል፤ በደሙ ያለው ስኳር ከፍ ይላል፤ ከነጭ የደም ሴሎች ሊምፎሳይት ሲቀንስ ኒውትሮፊል ይበዛል፤ ጨጓራው ምግብ የሚያሳልፍበት ፍጥነትም ይለወጣል። ተመራማሪው ሊለካ የተነሣው ደግሞ እነዚህኑ ነው። የልብ ምትን የሚያፋጥን መድኃኒት በፍርሃት ልቡ አስቀድሞ ለሚመታ ውሻ ቢሰጥ፣ ጭማሪው ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። በአፍ የሚሰጥ መድኃኒትም ጨጓራው በተዛባ ውሻ ደም ውስጥ የሚደርስበት ጊዜና መጠን ይቀያየራል።

«መድኃኒቱ የማይሰጠው ማነጻጸሪያ ቡድንም በዚያው ሁኔታ ስለሚኖር የጭንቀቱ ተጽዕኖ እኩል ነው» የሚል መከራከሪያ ይሰማል። አሳማኝ ቢመስልም ስሕተት ነው። ውሾች ጭንቀትን እኩል አይሸከሙም፤ አንዱ ሲጮኽ ይውላል፣ ሌላው ጥግ ይዞ ይደርቃል፣ ሦስተኛው በጠባቧ ክፍል ያለማቋረጥ ይሽከረከራል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሲሰፋ የመድኃኒቱ ውጤት በውስጡ ይሰወራል፤ ያንን ለመለየትም ተጨማሪ ውሾች ያስፈልጋሉ። ከዚህም በላይ ጭንቀቱ ራሱ ሰውነት ለመድኃኒቱ የሚሰጠውን ምላሽ ሊለውጠው ይችላል፤ ይህን ደግሞ ማነጻጸሪያ ቡድን አያስተካክለውም።

ማስረጃው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1924 ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) በጎርፍ ስትጥለቀለቅ፣ ውሾች ለምልክት ምላሽ መስጠትን እንዴት እንደሚለምዱ ያጠና የነበረው የሩሲያዊው ሳይንቲስት የኢቫን ፓቭሎቭ ውሾች በየክፍላቸው ሊሰጥሙ ጥቂት ሲቀራቸው ተረፉ። በአንዳንዶቹ ላይ ግን በረጅም ሥልጠና የተገነባው ምላሽ ጠፋ፤ ከተመለሰ በኋላም በበር ሥር የገባ ጥቂት ውሃ እንደገና ሊያናጋው በቅቷል።

በቤተ ሙከራ ያለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከጎርፍ ይልቅ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው፦ ብቸኝነት፣ መደበቂያ ማጣት፣ በማያውቁት ሰው በድንገት መያዝ፣ በሲሚንቶ ግድግዳ መካከል ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ የሚችል የጩኸት ማስተጋባት።

እንግሊዛውያኑ ሳይንቲስቶች ዊልያም ራስል እና ሬክስ በርች እ.ኤ.አ. በ1959 እንስሳትን በሌላ ዘዴ መተካትን፣ ቁጥራቸውን መቀነስንና ሥቃያቸውን ማቃለልን እንደ መርሕ አስቀምጠዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሻሻለችው ሕግ ውሾች እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ አዝዛለች፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ውሻ በአንድ ጊዜ ከ4 ሰዓት በላይ ለብቻው እንዳይቀመጥ ይከለክላል። እነዚህ ዝቅተኛ ግዴታዎች ናቸው። በሽልማት የሠለጠነ ውሻ ደም ሲቀዳ እግሩን ራሱ ይሰጣል፤ በሰውነቱ ውስጥ የሚቀበር ማስተላለፊያም የልብ ምቱን ከጓደኞቹ ሳይለይ ይለካል። ለጥሩ መረጃ ሲባል ብቻ እንኳ ይህ በየቦታው የተለመደ ሊሆን በተገባው ነበር።

የምርምር ዘገባዎች ስለ መድኃኒቱ መጠን በዝርዝር እየጻፉ ስለ ውሻው አኗኗር ዝም የሚሉበት ጊዜ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አራይቭ የተሰኘው የዘገባ መመሪያ የእንስሳቱ መኖሪያና አያያዝ እንዲገለጽ ይጠይቃል። ያ መረጃ በጎደለበት ዘገባ ላይ አንባቢው ከፍ ያለው የልብ ምት የመድኃኒቱ ይሁን የብቸኝነቱ የሚለይበት መንገድ የለውም።