«እድር ምን ያደርግልኛል፣ የሚሞትብኝ የለም»

ኮንዶሚኒየም ገብቶ ሰው የራበውን ሁሉ «እድር ገብተሃል?» ብትሉት መልሱ ያው ነው፦ «የሚሞትብኝ የለም»። ይህን መስማት ይሰለቻል፤ ደግሞም ሰውን ይጎዳል።

እድር ቀብር ያስፈጽማል፣ እውነት ነው። ግን በወር አንድ እሑድ ስብሰባና መዋጮ አለው። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚና ጎላ ድስት ይጓጓዛል፣ ማታ ማታ ሰው አብሮ ያመሻል። ከማያውቁት ሰው ጋር ወሬ መፍጠር የሚጨንቀው ሰው እዚህ አይጨነቅም፤ «ምሰሶውን ያዝልኝ» ካሉት ትውውቁ ተጀመረ ማለት ነው።

ገብቶም የማይጠቀም አለ። የዓመቱን መዋጮ ባንዴ ከፍሎ ወይም በልጅ ልኮ ይጠፋል፤ ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ መልኩን የሚያውቅ የለም። በየወሩ ራሳችሁ ሄዳችሁ ክፈሉ። ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱና ወንበር ደርድሩ። ለቅሶ ላይም ቀብር ውላችሁ አትቅሩ፤ ድንኳኑ እስኪነሳ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ፣ ከተቻለ እዚያው ቦታ። ሰው የሚለምደው ደጋግሞ ያየውን ነው። ጥቂት ወራት እንዲህ ቆይታችሁ አንድ ቀን ብትቀሩ «ምነው ጠፋችሁ?» የሚል አይጠፋም።

ከመመዝገባችሁ በፊት ጸሐፊውን ሦስት ነገር ጠይቁ። መግቢያው ስንት ነው? የድንኳንና የዕቃ ድርሻ ስለሚታሰብበት ከወር መዋጮው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ከፋፍሎ መክፈል ይፈቀድ እንደሆነም አጣሩ። በቤተሰብ የሚታቀፈው እነማን ናቸው? የቀሪ ቅጣቱስ?

ሌሎች ሰበቦችም አሉ። «ተከራይ አይቀበሉም»። ደንቡ ከእድር እድር ይለያያል። የእድሩን ዳኛ፣ ማለትም ሰብሳቢውን፣ ሳትጠይቁ አትደምድሙ።

«ብቸኝነት የሽማግሌ ነው»። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰው አንዱ ብቸኝነት ይሰማዋል፤ በብዛት የሚታየውም በወጣቶች ላይ ነው።

«የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ አለ»። ውኃ መምጣቱን ለመስማት ይጠቅማል።

«ጎረቤት ለመጥራት ድግስ ያስፈልጋል»። አያስፈልግም፤ አንድ ጀበናና ቆሎ በቂ ነው። ቀኑን አትለዋውጡ፤ እሑድ 10 ሰዓት ካላችሁ ሁልጊዜ እሑድ 10 ሰዓት ይሁን። ፎቁን በሙሉ አትጥሩ፤ ሰው ሲበዛ ቀድሞ የሚተዋወቀው እርስ በርሱ ያወራል፣ አዲሱ ስኒውን ይዞ ይቀራል። አንድ ወይም ሁለት በር ይበቃል። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳልና የቸኮለ እንግዳ በአቦል ቢነሳ አትያዙት፤ ከተያዘ ሌላ ቀን ይፈራል።

መጀመሪያ «ሌላ ጊዜ» ቢሏችሁ አትቀየሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሉኝታ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ቡናው ተቆልቶ ሽታው ኮሪደሩን ሲሞላ ያንኑ በር እንደገና አንኳኩ።