በእምነት መጽናት ምንድን ነው?

መጽናት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ምንም የማይነቀንቀው፣ ጠይቆ የማያውቅ፣ ወድቆ የማያውቅ ሰው ነው፣ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዛ ነበር የማስበው። ችግሩ እንደዛ ካሰብከው ገና አንዴ ስትደክም «በቃ እኔ አልጸናሁም» ብለህ ተስፋ ትቆርጣለህ።

እስቲ ቃሉን እንየው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪኩ ሂፖሞኔ ነው የሚባለው፣ «ከሥር» እና «መቆየት» የሚሉ ቃላት ተጋጥመው የወጣ ነው፣ ሸክሙ አንተ ላይ እያለ ከሥሩ አለመውጣት በለው። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይሄንኑ ቃል ዕብራውያን 10፥36 ላይ «መጽናት» ይለዋል፣ ሮሜ 5፥3 ላይ ደግሞ «ትዕግሥት»። ገላትያ 5፥22 ላይ ያለው ትዕግሥት ግን ግሪኩ ሌላ ነው፣ እሱ ቶሎ አለመቆጣት፣ ሰውን መቻል ነው። ለዛ ነው ሁለቱ የሚምታቱብን።

ዝም ማለትም አይደለም። ያዕቆብ 5፥11 በዚህ ነገር ምሳሌ አድርጎ የሚጠራው ኢዮብን ነው፣ ኢዮብ ደግሞ ምዕራፍ 3 ላይ የተወለደበትን ቀን ሲረግም ነው የምታገኘው፣ ከዛም ገጽ በገጽ ይከራከራል። ግን የሚከራከረው ከማን ጋር ነው? ከራሱ ከእግዚአብሔር ጋር፣ ጀርባውን ሰጥቶ አልሄደም።

«የዳነ ሰው መልሶ ሊጠፋ ይችላል ወይ?» የሚለው ክርክር እዚሁ ጋ ይመጣል። ካልቪናውያን (የተሐድሶ መምህሩ የጆን ካልቪን ተከታዮች) ኔዘርላንድስ ውስጥ በተደረገው በዶርት ጉባኤ (እ.ኤ.አ. 1618–1619) እግዚአብሔር የመረጣቸውን እስከ መጨረሻ ይጠብቃል ብለው ደነገጉ፣ ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና የዌስሊ ተከታዮች (ሜቶዲስቶች) ደግሞ ሰው ወዶ ከእምነቱ ሊወጣ ይችላል ይላሉ። በዚህ ሲጨቃጨቁ የሚያድሩ አሉ፣ እኔ ግን ሁለቱም ወገን «እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል» የሚለውን (ማቴዎስ 24፥13) እንደማይሰርዙት አይቼ አልፋለሁ።

ለኔ ነገሩ የገባኝ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4 ነው። ማርቆስ ከብዙ ዓመት በፊት ጳውሎስን በአገልግሎት ጉዞ መሃል ጵንፍልያ የሚባል አገር ላይ ጥሎት ተመልሷል (ሐዋርያት ሥራ 13)፣ በኋላ የጉዞ ጓደኛው በርናባስ ማርቆስን እንደገና እንውሰደው ሲል ጳውሎስ እምቢ አለ፣ በሱ ምክንያት ሁለቱ ተጣልተው ተለያዩ። ዴማስ ግን ደህና የሥራ ባልደረባ ነበር፣ በፊልሞና መልእክት ላይ ስሙ ከማርቆስና ከሉቃስ ጋር ተጠርቷል። አሁን ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ሲጽፍ ቁጥር 10 ላይ ዴማስ ይሄን ዓለም ወዶ ትቶኝ ሄደ ይላል፣ ወዲያው ቁጥር 11 ላይ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል። ስለ ዴማስ ከዛ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ምንም አይልም።