የ2000ዎቹ ምርጥ የቴስት ክሪኬት ቡድን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከ2000 እስከ 2009 ያለው አሥር ዓመት (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለክሪኬት ወዳጆች የማያልቅ ክርክር ነው። ቴስት እስከ አምስት ቀን የሚዘልቀው ረጅሙ የክሪኬት ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ቡድን በሁለት ዙር ይመታል፤ ነጥቡ ሩጫ ይባላል፤ ዊኬት መጣል ማለት ወርዋሪው መቺውን ከሜዳ ማስወጣቱ ነው። ለማሸነፍ አብዛኛውን ጊዜ የተጋጣሚን አሥር ዊኬት ሁለት ጊዜ መጣል፣ ማለትም 20 ዊኬት ማግኘት ያስፈልጋል። ቡድን ሲመረጥ አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህቺን 20 ቁጥር ከመርሳት ነው።

«11 ምርጥ ሰው ከተሰበሰበ ምርጥ ቡድን ይሆናል»

ይህ ሜዳ ላይ ተፈትኖ ወድቋል። በኦክቶበር 2005 ሲድኒ ላይ አውስትራሊያ ከዓለም ምርጦች ጋር ገጠመች። የዓለም ቡድን የዌስት ኢንዲሱን ላራን፣ የህንዶቹን ድራቪድንና ሴህዋግን፣ የደቡብ አፍሪካውን ካሊስንና የስሪላንካውን ሙራሊታራንን አሰልፎ በሁለቱ ዙር 190 እና 144 ብቻ አስቆጠረ፤ በ210 ሩጫም ተሸነፈ። ከ20ው ዊኬት 15ቱን የወሰዱት ሁለቱ የአውስትራሊያ ስፒን ወርዋሪዎች (ኳሷን እያሽከረከሩ የሚወረውሩ)፣ ስቱዋርት ማክጊልና ሼን ዋርን ነበሩ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞላው ስም ሳይሆን ቦታ ነው። ሁለት መክፈቻ መቺ፣ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ሦስት መቺ፣ 6ኛ ላይ መምታትም መወርወርም የሚችል፣ 7ኛ ላይ ዊኬት ጠባቂ (ጓንት አጥልቆ ከመቺው ጀርባ ኳስ የሚይዝ)፣ ከዚያ አራት ወርዋሪ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው 3ኛው ቦታ ላይ ነው፤ የአውስትራሊያው ፖንቲንግ፣ ድራቪድና የስሪላንካው ሳንጋካራ ሦስቱም የዚያው ቦታ ሰዎች ናቸው። አንዱን ወደ መክፈቻ መግፋት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አዲስ ኳስ ጠንካራና አንጸባራቂ ስለሆነች በአየር ላይም ከመሬት ነጥራም ይበልጥ ትጣመማለች። እሷን መጋፈጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

«አማካይ አይዋሽም»

አይዋሽም፤ ግን ጥያቄው ካልተጠየቀ አይናገርም። የመቺ አማካይ ያስቆጠረው ሩጫ ከሜዳ በወጣበት ጊዜ ብዛት ተካፍሎ የሚገኝ ነው። የአውስትራሊያው መክፈቻ መቺ ማቲው ሄይደን 8,625 ሩጫ በ50.73 አማካይ አለው። ከዚህ ውስጥ 380ው በ2003 ፐርዝ ላይ በደካማዋ ዚምባብዌ ላይ በአንድ ዙር የተገኘ ነው። እሱን ሲያወጡት 8,245 ሩጫ ለ169 መውጫ ይቀራል፤ 48.79። ሁለት ነጥብ ያህል ወረደ እንጂ ሰውየው አልፈረሰም።

የሚፈርሱም አሉ። ከዘመኑ ውጭ ቢሆንም የአውስትራሊያው አዳም ቮጅስ ጥሩ ማሳያ ነው። በ20 ጨዋታ 61.87 አማካይ ይዞ ጨርሷል። ከዌስት ኢንዲስ ጋር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቶ 542 ሩጫ ሰብስቧል። እሱ ሲቀነስ 943 ለ23 ይሆናል፤ 41። ስለዚህ ሁለት ነገር ይደረግ፦ ቢያንስ 40 ጨዋታ ያልተጫወተ ለጊዜው ይቆይ፣ ከዚያ ከደካማ ቡድኖች የተገኘው ተቀንሶ ይሰላ።

ስለ ሄይደን እውነቱን የሚናገረው 380ው ሳይሆን 119ኙ ነው። በኦክቶበር 2002 ሻርጃ ላይ፣ የባሕረ ሰላጤን ሙቀት የሚያውቅ ሰው በሚገባው ሐሩር ውስጥ ያስቆጠረው ነው። ፓኪስታን በዚያ ጨዋታ በሁለቱም ዙር 59 እና 53 ብቻ አገኘች፤ ተደምሮ 112። አንድ ሰው ከመላው ተጋጣሚ በለጠ።

«ታላቅ ስም ያለው ይገባል»

የዘመን ቡድን ከሆነ የዘመኑ ሥራ ብቻ ይታይ። የህንዱ ቴንዱልካር በሙሉ የተጫዋችነት ዘመኑ 53.78 አማካይ አለው፤ ፖንቲንግ 51.85። በእነዚህ አሥር ዓመታት ግን የፖንቲንግ ከ58 በላይ ነው፤ 32 መቶም (በአንድ ዙር 100 ወይም ከዚያ በላይ ሩጫ) ጨምሮበታል። 3ኛው ቦታ የእሱ ነው። 4ኛው ላይ ላራን እናስቀምጣለን፤ በ2001 በስሪላንካ በሦስት ጨዋታ 688 ሩጫ አስቆጥሮ ቡድኑ ሦስቱንም የተሸነፈበት ተከታታይ ብቻውን ይበቃል። ድራቪድ 5ኛ።

«ሙራሊታራን ዊኬቱን የለቀመው ከደካሞች ነው»

ከ800 ዊኬቱ 176ቱ ከባንግላዴሽና ከዚምባብዌ የተገኙ መሆናቸው እውነት ነው። ዋርን ከሁለቱ ያገኘው 17 ብቻ። ወርዋሪ የሚለካው ለአንድ ዊኬት በሰጠው ሩጫ ነው፤ ሲያንስ ይሻላል። ሁለቱ ቡድኖች ሲወጡ ሙራሊታራን ከ22.72 ወደ 24.9 ገደማ ያድጋል። ዋርን 25.4 ላይ እንዳለ ይቀራል። ይኸው ነው ልዩነቱ፤ ለዚህ ነው ሰው የሚጣላው።

የሚጠቅመው መረጃ ሌላ ነው። ዋርን በህንድ ሜዳ በአንድ ዊኬት 43 ሩጫ ከፍሏል፤ ሙራሊታራን በአውስትራሊያ 75። ሁለቱም የሚሸነፉበት ሜዳ አላቸው፤ ሜዳው ደግሞ አንድ አይደለም። የሲድኒውን 15 ዊኬት ያየ ሁለቱንም ቢያሰልፍ አይፈረድበትም። ዋርን ከ3,000 በላይ ሩጫ ያለው ስለሆነ 8ኛ ቦታ ላይ ቢሰለፍ ጅራቱ (መምታት የማይሆንላቸው የመጨረሻዎቹ ተራ) አይረዝምም።

«ሳንጋካራ ከጊልክሪስት የተሻለ መቺ ስለሆነ ዊኬት ጠባቂ ይሁን»

የተሻለ መቺ መሆኑ አያከራክርም፤ የሳንጋካራ አማካይ 57.40፣ የአውስትራሊያው ዊኬት ጠባቂ የጊልክሪስት 47.60። ነገር ግን ሳንጋካራ ጓንት አጥልቆ በተጫወተባቸው 48 ጨዋታዎች አማካዩ 40 አካባቢ ነው፤ ያለ ጓንት 66። ቀኑን ሙሉ ከዊኬት ጀርባ ቁጢጥ ብድግ ሲል የዋለ ሰው ወዲያው ወጥቶ ረጅም መምታት ይከብደዋል። ጊልክሪስት ጓንቱን እንዳጠለቀ 47.60 አስመዝግቧል፣ ያውም በ100 ኳስ 82 ሩጫ እየመታ።

«6ኛው ቦታ የፍሊንቶፍ ነው»

እንግሊዝ አውስትራሊያን ያሸነፈችበት የ2005 ተከታታይ ትዝታ ነው የሚያናግረው። የእንግሊዙ ፍሊንቶፍ በመወርወር አማካዩ 32.78፣ የካሊስ 32.65። በመምታት ደግሞ 31.77 እና 55.37። ሌላ የሚባል የለም።

«ፈጣን ወርዋሪ በፍጥነቱ ይመረጣል»

የፓኪስታኑ ሾይብ አክታር በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር ወርውሯል፤ ግን 46 ቴስት ብቻ ነው የተጫወተው። የአውስትራሊያው ግሌን ማክግራ ከዚያ በጣም ዝግ ያለ ወርዋሪ ሆኖ 563 ዊኬት በ21.64 አለው፤ ሚስጥሩ አንድ ቦታ ላይ ሳይሰለች ማሳረፉ ነው። በ2005 በእንግሊዝ ኤጅባስተን ሜዳ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ኳስ ረግጦ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ። በዚያ የእንግሊዝ ተከታታይ አውስትራሊያ የተሸነፈችባቸው ሁለቱም ጨዋታዎች እሱ ያልነበረባቸው ናቸው። ከእሱ ጋር የደቡብ አፍሪካው ዴል ስቴይን፤ በአማካይ በየ42 ኳሱ አንድ ዊኬት።

«ካፒቴን ብዙ ያሸነፈው ይሁን»

ፖንቲንግ በ77 ጨዋታ 48 አሸንፏል። ያሸነፈው ግን አብዛኛውን ዋርንን፣ ማክግራንና ጊልክሪስትን ይዞ ነው። ማክግራ በተጎዳበት የኤጅባስተን ጠዋት ዕጣ ደርሶት እንግሊዝ ቀድማ እንድትመታ ፈቀደ፤ በዚያው ቀን 407 ተቆጠረበት፤ ጨዋታው በ2 ሩጫ አመለጠው። ካፒቴን ከ11ዱ ተለይቶ መጨረሻ ላይ ይመረጥ፤ ለካፒቴንነት ሲባል የደቡብ አፍሪካውን ግሬም ስሚዝን አስገብቶ ከመክፈቻ መቺዎቹ ሄይደንን ወይም ሴህዋግን ማስወጣት አያዋጣም። እኛ ለዋርን እንሰጠዋለን። በ2000 ምክትልነቱን ተነጥቆ ቴስት አንድም ቀን በካፒቴንነት አልመራም፤ በ2008 ግን ማንም ያልጠበቀውን ራጃስታን ሮያልስን ለመጀመሪያው የህንድ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አብቅቷል።